የስድስት ቁጥር አዳራሽ ገመድ

አናጺው ፕሮድሮሞስ ሳራፊዲስ ሞቶ የተገኘው ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በሆዱ ተደፍቶ፣ ከጣሪያ የወደቀ ትልቅ የእንጨት ወይራ ዛፍ ጭንቅላቱንና ጀርባውን ተጭኖት ነበር። ያገኙት ምንጣፍ ሊያነጥፉ የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። የተሰሎንቄ የንግድ ትርዒት ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ዛፉ የአንድ የወይራ ዘይት አምራቾች ማኅበር ምልክት ነው። ፕሮድሮሞስ በገዛ እጁ ጠርቦ የሠራው ሲሆን ሦስት መቶ ኪሎ ይመዝናል። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰቅል የኤሌክትሪክ ማንሻ ይከራዩ ነበር። አገሩ በዕዳ በተያዘ በሦስተኛው ዓመት ግን ማን ይከራያል? ጣሪያው ላይ በታሰረ ካሩኮላ፣ ገመድ በሚዞርበት ጎማ፣ በወፍራም ገመድ ስበው ሰቀሉት፤ የገመዱንም ጫፍ ከብረት ምሰሶ ጋር አሰሩት።

"ቋጠሮው ከድቶት ነው" አልኩ። "አደጋ ነው።"

ኢንስፔክተር ክሊዮ ማንዳ ምሰሶው ሥር ቁጢጥ ብላ ብረቱን በጣቷ ዳበሰችው።

"ጋሽ ዛፊሪስ፣ እዚህ ይምጡ እስቲ። ቀለሙ በሦስት ቦታ ተፍቋል። ገመዱ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ነው የታሰረው። ቋጠሮው ቢከዳ እንኳ ዙሩ ይይዘዋል፤ ቢበዛ ቀስ እያለ ይንሸራተታል እንጂ እንዲህ አይዘረገፍም። ዙሩን የፈታው ሰው ነው።"

ልክ ነበረች። እኔ ማየት የነበረብኝን እሷ አየችው፤ ደስ አላለኝም።

በወንጀል ምርመራ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሳጅን ነኝ። ክሊዮ ሥራ የጀመረች ቀን የጣት አሻራ እንዴት እንደሚነሳ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አምና የክፍሉ አለቃ ጡረታ ሲወጣ፣ ደመወዙም ዕድገቱም በታገደበት ጊዜ አንዲት ወንበር ብቻ ተከፈተች፤ እሷን አስቀመጡባት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ "ይገባታል" አልኳት፤ ከዚያ እራት መብላት አቃተኝ።

"ሌላም አለ" አለች ክሊዮ። የሟቹን ቀኝ እጅ አሳየችኝ። ጭብጡ ውስጥ መነጽሩ ነበር፣ በሥርዓት ታጥፎ፤ መስታወቱ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ። "ያለዚህ አንድ እርምጃ አያይም። ሥራ ቦታ ላይ ለምን አወለቀው?"

የሥራ ባልደረባው አኔስቲስ ቶፓሊዲስ ከአዳራሹ ውጭ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ እጁ ሰፋፊ፣ ረጅም ሰው ነው። ሁለቱ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው የትርዒት ዳስ ሠርተዋል።

"የት ነበሩ?" አለችው ክሊዮ።

"አሥራ ሦስት ቁጥር አዳራሽ። የማር ነጋዴዎቹን የማስታወቂያ ፊደል በኤሌክትሪክ መጋዝ ስቆርጥ ነበር። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር። ዛፉን ጠዋት አብረን ሰቀልነው፣ ከዚያ እኔ ወደዚያ ሄድኩ፣ እሱ እዚህ ቀረ። ምናለ አብሬው ብሆን ኖሮ።"

የአሥራ ሦስት ቁጥር በር ጠባቂ ፌቭሮኒያ የምትባል ወፍራም ሴት ናት። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጋዙን ተሸክሞ ሲገባ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሲወጣ አይታዋለች። በመካከሉ በዚያ በር ማንም አልወጣም። የአስከሬን ሐኪሙ ደግሞ ሞቱን በስምንት ተኩልና በዘጠኝ ተኩል መካከል አደረገው። አኔስቲስን ከዝርዝራችን ሰረዝነው።

ሐሙስ ጠዋት ክሊዮ ከሐኪሙ ጋር ስትሆን እኔ ብቻዬን ቱምባ ሰፈር ወደ ሟቹ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ኤቭላምቢያ ለሙታን የሚቀርበውን ስንዴ ቀቅላ ጨርቅ ላይ አስጥታዋለች። ዓይኗ ደርቆ ነበር።

"መነጽሩን መቼ ነው የሚያወልቀው?" አልኳት።

"ሲተኛ። ደግሞ ሰው ሲያቅፍ። በሠርጋችን ቀን ሚዜውን አቅፎ ሲስመው ጉንጩ ላይ ሰበረው። ከዚያ ወዲህ የሚያቅፈው ሰው ካለ መጀመሪያ ያወልቃል፣ ይጨብጠዋል።"

"ብዙ ሰው ያቅፍ ነበር?"

"ማንን ያቅፋል? እኔን፣ ልጃችንን፣ አኔስቲስን። ሌላውን ሰው ሰላም የሚለው በጣቱ ጫፍ ነው።" ስንዴውን በመዳፏ አገላበጠችው። "ጀርመን ሊሄድ ነበር። ሀኖቨር። ዳስ የሚሠራ ትልቅ ድርጅት በኦክቶበር ና ብሎታል። ለአኔስቲስ ግን መንገር ፈርቶ ነበር። 'ዛፉ ይሰቀልና እነግረዋለሁ' ሲል ከረመ።"

ጻፍኩት። ጻፍኩት እንጂ ልብ አላልኩትም፤ ምክንያቱም ቀጥላ ያለችው ነገር ጆሮዬን አቆመው።

"ትናንት ማታ ከዘመድ ሁሉ በላይ ያለቀሰው ሚልቲያዲስ ነው። ሚልቲያዲስ ጋሬፊስ፣ የአዳራሾቹ ተቆጣጣሪ። የዛሬ አርባ ዓመት እሱን ላገባ ቀለበት አድርጌ ነበር። ፕሮድሮሞስ መጣና ነገሩ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ አላገባም።"

የሁሉም አዳራሽ ቁልፍ ያለው ሰው፣ አርባ ዓመት የቆየ ቁስል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስልኬን አነሳሁ፤ ለክሊዮ ልደውል ነበር። ቁጥሯን አየሁት፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ይህችን እንኳ እኔ ልያዛት አልኩ።

ጋሬፊስን ያገኘሁት በትርዒቱ ግቢ፣ ሠራተኞች ሰሊጥ ያለበትን ቀለበት ዳቦ ይዘው ቆመው በሚበሉበት ሰዓት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክራባቱ ጠበቅ ያለ፣ ጫማው ተረከዙ የተበላ ሰው ነው።

"ረቡዕ ከስምንት እስከ አሥር የት ነበሩ?"

"ሥራ ላይ።"

"ቢሮዎ ተቆልፎ ነበር። ማንም አላየዎትም።"

ፊቱ ቀላ። "የግል ጉዳይ ነበረኝ።"

"ሰው ሞቷል፣ አቶ ጋሬፊስ። የግል የሚባል ነገር የለም።"

"አልናገርም" አለ፤ ክራባቱን አጠበቀ። "ከፈለጉ ይሰሩኝ።"

አሰርኩት። ሰው ሁሉ እያየ፣ በካቴና። ከሠራተኞቹ አንዱ "ክራባቱንም አብራችሁ እሰሩት" ሲል የተቀሩት ሳቁ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ክሊዮ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ጋሬፊስ ከሟቹ ሚስት ጋር የነበረውን ነገር ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?"

"አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ።"

"ስልክ ነበረኝ እኮ፣ ጋሽ ዛፊሪስ።"

"ገዳዩን አመጣሁልሽ" አልኩ። "ምስጋናው ይቅር፣ ወቀሳውን ተይው።"

አየችኝና ገባች።

ዓርብ ጠዋት ስገባ ጋሬፊስ ተፈትቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ክሊዮ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ትንሽ የካርቶን ቁራጭ አስቀመጠች፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት የሚል ቁጥር ታትሞባታል። ከጋሬፊስ ኪስ ያወጣኋት እኔው ነኝ፤ የኮት ማስቀመጫ ቁጥር መስላኝ ነበር።

"የምሳ ወረፋ ናት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቤተ ክርስቲያኑ ለችግረኛ ሾርባና ዳቦ የሚያድልበት። ዛሬ ማለዳ ሄጄ ጠየቅኩ። ረቡዕ ከስምንት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ሲሰለፍ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሁለት ዕቃ ሞልቶ ሲሄድ የምታድለው ሴትዮ አይታዋለች። 'ያ ክራባት ያለው' ነው የምትለው። ደመወዙ በግማሽ ከተቆረጠ ወዲህ ሥራ ያጣችውን እህቱንና ልጆቿን የሚመግበው እንዲያ ነው። እህቱ ራሷ ምግቡ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም።"

ቁራጯን በጣቴ አገላበጥኳት።

"ቤቱ ያድርሱት" አለች። "እርስዎ ራስዎ።"

በመኪና ውስጥ ጋሬፊስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ያይ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ለቅዳሜው ሰልፍ ጨርቅ ይሰቅላሉ፤ በየዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአገሩን ኢኮኖሚ በትርዒቱ መክፈቻ ላይ ነው የሚናገረው፣ ዘንድሮ ደግሞ የሚናገረው ቅነሳ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት በመጨረሻ።

"ፕሮድሮሞስን አልጠላሁትም" አለ፣ እንዳልሰማኝ ሆኖ። "መጀመሪያ፣ አሥር ዓመት ያህል፣ ጠልቼዋለሁ። ከዚያ ደከመኝ። ምግቡን የምወስደው፣ ሰው እንዳያየኝ፣ ሌላ ሰፈር ካለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሩቅ ስለሆነ በሥራ ሰዓት ሁልጊዜ መሄድ አልችልም። ረቡዕ ግን አጋጣሚ አገኘሁ።"

"ምን አጋጣሚ?"

"ወጪ ለመቀነስ ከስምንት እስከ አሥር የአዳራሾቹ መብራት እንዲጠፋ ታዘዘ። ረቡዕ የመጀመሪያው ቀን ነው። ማስታወቂያውን ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮዬ በር ላይ ለጠፍኩ፣ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ዋናውን ማጥፊያ በእጄ አወረድኩ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሁሉ ሥራ ፈታ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም እንደማይፈልገኝ አውቄ ሄድኩ።"

መኪናውን ዳር አስያዝኩ።

"ሁሉም አዳራሽ ጠፋ? አሥራ ሦስት ቁጥርም?"

"ሁሉም። ቀን ስለሆነ ከጣሪያው መስኮት በቂ ብርሃን ይገባል፤ መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው ማሽን የሚያስነሳ ሰው ነው።"

ከስምንት እስከ አሥር በኤሌክትሪክ መጋዝ ፊደል ሲቆርጥ የዋለ ሰው። እዚያ ቢሆን ኖሮ መብራት መጥፋቱን ባወቀ፤ አላወቀም፣ ስለዚህ እዚያ አልነበረም። ጋሬፊስን ደጁ አድርሼ መሪውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። አኔስቲስ ቤት ከዚያ አምስት ደቂቃ አይሆንም። ብቻዬን ሄጄ ላመጣው እችላለሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚያ ነበር። ግን የጋሬፊስ እህት በሩን ስትከፍት፣ እጁ ላይ የካቴናውን ምልክት አይታ እንዴት እንደያዘችው ከኋላ አይቻለሁ።

ለክሊዮ ደወልኩ። መብራቱን ነገርኳት፣ መነጽሩን ነገርኳት፣ ሀኖቨርን ነገርኳት።

"ይህን ሁሉ ከትናንት ጀምሮ ይዘውት ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"አሥራ ሦስት ቁጥር በር ላይ እንገናኝ" አለች።

ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት አዳራሾች በዚያ ዓመት ተከራይ አጥተው ባዶ ነበሩ። በደጉ ጊዜ የቱርክ ማሽን፣ የጣሊያን ወንበር፣ የሩሲያ ሸቀጥ ይሞላባቸው ነበር፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ በር እየተሻገረ ይጎበኛል። ፌቭሮኒያ የምትጠብቀው የፊቱን በር ነው። የውስጡን በር የጠበቀ ማንም አልነበረም፤ ምን ይሰረቃል?

አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ስንገባ ክሊዮ ክንዴን ያዘች። ወለሉ ላይ የወራት አቧራ ተኝቷል። በመሃሉ የአንድ ሰው እግር ሄዷል፣ የዚያው ሰው እግር ተመልሷል። በየእርምጃው ነጭ የእንጨት ብናኝ ተንጠባጥቧል። ዱካውን ዳር ዳሩን እየያዝን በስድስቱ ባዶ አዳራሾች ውስጥ ተከተልነው። ስድስት ቁጥር አደረሰን፤ ከዛፉ ምሰሶ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ።

"ሲሄድ ሰፊ እርምጃ ነው" አለች ክሊዮ። "ሲመለስ ግን ያጥራል። አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። እዚህ ደግሞ ተቀምጧል።"

አቧራው ላይ ሰው ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠበት ቦታ ይታይ ነበር።

አኔስቲስን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስጠራነው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን ሳይላጭ መጣ። ክሊዮ ውሃ ቀዳችለት።

"አቶ አኔስቲስ፣ ፕሮድሮሞስ ጀርመን ሊሄድ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"አላውቅም ነበር። ለቅሶው ላይ ሰማሁ።"

"የረቡዕ ሥራዎ እንዴት ነበር? መጋዙ አላስቸገረዎትም?"

"ምን ያስቸግረኛል? እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው።"

"ከስምንት እስከ አሥር፣ ሳያቋርጡ?"

"ሳላቋርጥ። አሥራ ሁለት ፊደል ቆረጥኩ።"

"ፊደሎቹን የቆረጡት ጠዋት መሆን አለበት" አለች ክሊዮ በእርጋታ። "ከስምንት እስከ አሥር መብራት አልነበረም። በግቢው ሁሉ ጠፍቶ ነበር።"

ብርጭቆውን ሊያነሳ የዘረጋው እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ክሊዮ የዱካውን ፎቶግራፍ አንድ በአንድ ፊቱ ደረደረች። አየው፤ ከንፈሩን ገጠመ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችው፤ እንደ ድንጋይ ሆነባት። በሕጉ መሠረት ጠበቃ ሊጠራ እንደሚችል ነገረችው። እንደማይፈልግ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ያን ፊት አውቀዋለሁ። አምና ሙሉ በየጠዋቱ ስላጭ መስታወት ውስጥ ያየሁት ፊት ነው። ክሊዮን በዓይኔ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ወንበሯን ወደ ጎን ሳበችልኝ።

"አኔስቲስ" አልኩት፣ 'አቶ' የሚለውን ትቼ። "መነጽሩን አውልቆ አቅፎሃል። ሲያቅፍህ ምን አለህ?"

ቀና ብሎ አየኝ።

"መሄዱ አይደለም የገደለህ" አልኩ። "ሰው ይሄዳል። የተናገረህ ነገር አለ።"

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "'አይዞህ' አለኝ" አለ።

ክሊዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ለጀርመኖቹ መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ አኔስቲስ። "ሁለት ጊዜ። መልስ እንኳ አልሰጡኝም። አድራሻቸውን ለሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ለቀልድ ያህል፣ 'አንተም ሞክር' ብዬ። ረቡዕ ገና እንደገባሁ፣ መጋዙን ሳልሰካ አስቀምጬ፣ ዛፉ ቀጥ ማለቱን ላየው በውስጥ በኩል ሄድኩ። ተቀብለውኛል አለ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፤ አልኩት እኮ። ከዚያ የሥራ ቤታችንን ቁልፍ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገ። 'ይኸው፣ ሁሉም ላንተ ይሁን' አለኝ። ሥራ የሌለው የሥራ ቤት። መነጽሩን አወለቀ፣ አቀፈኝ፣ አለቀሰልኝ። ባሏ እንደ ሞተባት ሴት ቆጥሮኝ ጀርባዬን እየመታ አይዞህ አለኝ።"

"ከዚያስ?" አለች ክሊዮ።

"ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ከዛፉ ሥር ሄደ፤ ወለሉ ላይ የወደቀ ሚስማር በግራ እጁ እየዳበሰ ሊለቅም ጎንበስ አለ። እኔ ምሰሶው ጋ ቆሜ ነበር። ቋጠሮውን ፈታሁ። ሁለቱን ዙር አወጣሁ። እስከዚያ ድረስ አስፈራራዋለሁ እንጂ አደርገዋለሁ አላልኩም። ሦስተኛው ከእጄ ራሱ ሄደ ብዬ ልምል ነበር።" እጆቹን አየ። "አልሄደም። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። መነጽሩን እስኪያደርግ እንኳ አልጠበቅኩም።"

የሥራ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለኤቭላምቢያ እንድሰጥለት ጠየቀኝ፤ እኔም ወሰድኩላት። ተቀበለችኝና በሩን ዘጋች።

ቅዳሜ ትርዒቱ ተከፈተ። በስድስት ቁጥር አዳራሽ የወይራ ዘይት ማኅበሩ ያለ ምልክት፣ በተራ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶቹን ደረደረ። ከውጭ ሰልፈኛው ይጮሃል፤ ደመወዛቸው የተቆረጠ ፖሊሶች ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ከሰልፈኛው ጋር ሲያልፉ፣ እኛ ደግሞ በዚያው ልብስ አጥር ሆነን ቆመናል። ጋሬፊስ በዚያው ክራባት አዳራሽ ለአዳራሽ ይዞራል። ሰላም አልኩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ፤ አልቆመም።

ሰኞ ጠዋት ክሊዮ ሪፖርቱን እንድፈርም ሰጠችኝ። አነበብኩት። ሐሙስ የተገኘ መረጃ ዓርብ እንደደረሳት፣ በዚህም የተነሳ ንጹሕ ሰው አንድ ሌሊት እንደታሰረ ምንም ሳታሳምር ጽፋዋለች። ከታች ደግሞ ተጠርጣሪው ያመነው በሳጅን ዛፊሪስ ጥያቄ መሆኑን ጽፋለች። ፈረምኩ።

"ሌላ ነገር ደግሞ አለ" አለች። "ሄግ ከተማ ላለው የአውሮፓ ፖሊስ ቢሮ አመልክቼ ነበር። ተቀብለውኛል። ከጃንዋሪ ጀምሮ። ይህን ወንበር ለእርስዎ እንዲሰጡ ጽፌያለሁ። ሪፖርቱን አይተው እሺ ይሉ እንደሆን ግን አላውቅም።"

በሕይወቴ የተመኘሁትን ነገር እየሰጠችኝ ነው። ያው የማውቀው ስሜት ግን ወንበሩን ትቶ ወደ ሄግ ዞረ።

"ክሊዮ፣ ልንገርሽ" አልኳት። "ወደዚህ ወንበር ስትመጪ ቀናሁብሽ። አሁን ደግሞ ስትሄጂ ቀናሁብሽ።"

ሪፖርቱን ፋይሉ ውስጥ ከተተችው።

"ታዲያ መቼ ነው የሚያርፉት፣ ጋሽ ዛፊሪስ?"

"ጡረታ ስወጣ።"

"ጡረታውንም እኮ ቅዳሜ ቆረጡት" አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎች ምን ነካቸው ብለው አንገታቸውን አስገብተው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን።